ደንበኛችን እማዬ

ጥቅምት 5

ወንድምዓለም፣

እንደምን ከረምክልኝ? ጤናህስ፣ የድልድዩ ሥራስ፣ ያ ድንኳን ያስነቅላል ያልከኝ ነፋስስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ እማዬም ደህና ናት። ደብዳቤህ እጄ ከገባ ሰንብቷል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ እንዳልዋሽህ፣ ሥራውም ያን ያህል አይደለም። ለመጻፍ ቁጭ ስል ሌላ ጉዳይ ትዝ ይለኝና ተነሥቼ እሄዳለሁ። ይቅር በለኝ፣ ቀጮዬ። እናንተ ካምፕ ስልክ አለመሥራቱ ብዙ ጊዜ ያበሽቀኛል፤ አሁን አሁን ግን ደግ ሆነ እላለሁ። በስልክ ቢሆን ገና «ሃሎ» ስል «ምን ሆነሻል?» ማለትህ አይቀርም ነበር።

ማስታወቂያውን አነሣሽው ወይ ብለሃል። አላነሣሁትም። «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም፤ ክፍያ በስልክ ወይም በካርድ ብቻ» እንዳለ የመነጽር ቤቴ በር ላይ ነው፤ ፊደሉም ገና አልደበዘዘም። ረስተኸው እንደሆነ ሐሳቡ ያንተው ነበር። አምና እነዚያ ሁለት ሌቦች ረዳቴን ድንቢጥን ገፍትረው የመሳቢያውን ገንዘብ ይዘው ሲሄዱ፣ ግንባሯ ተፈንክቶ ደሟ ባንኮኒው ላይ ሲንጠባጠብ፣ «ገንዘብ ከሌለ ሌባ አይመጣም፣ እታለም» ያልከኝ አንተ ነህ። እውነትህንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣብንም፤ ድንቢጥም በሩ በተከፈተ ቁጥር መባነኗን ትታለች። ያቺ ልጅ ግንባሯ ላይ ፋሻ ጠምጥማ ስትሠራ ያየ ሰው «ማስታወቂያሽ ድሃ አይጎዳም ወይ?» ብሎ ባልጠየቀኝ ነበር። ደግሞስ ዛሬ ስልክ የሌለው ማን አለ? ተሸካሚው እንኳ የሚከፈለው በስልኩ ነው። እስካሁን ቅሬታ ይዞ የመጣ አንድም ሰው የለም።

ይህን ስጽፍልህ ተቆጥቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቼ ነው።

የእማዬን መነጽር ለምን አልለወጥሽላትም ላልከው ደግሞ፣ እኔን ትጠይቃለህ ወይስ እሷን? የቤታችንን ሕግ ታውቃለህ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፀጉር ቤቱን የዘጋው ዘመድ አዝማዱ በነፃ እየተላጨበት ነው ብላ ካመነች ወዲህ፣ ሳትከፍል ከሰው ቤት የወሰደችው ነገር የለም። ከልጅም ቢሆን። አንተን እንኳ ሱሪህን ስታሳጥርልህ ከኪስ ገንዘብህ ታስከፍልህ አልነበር? በነፃ ልስጥሽ ብላት የምትለኝን ታውቀዋለህ። በስልክ ደግሞ አትከፍልም። ስለዚህ ወደ ሱቅ አትመጣም፤ ሌላ ምንም የለም። ጣቷን መርፌ ነካ አድርጓት ነበር። ቀላል ነው፤ እየዳነላት ነው። አንተ አትጨነቅ፤ ዓይንህን ከብየዳው ጠብቅ።

እህትህ

ጥቅምት 19

እታለም፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ የቀለብ መኪናው ሹፌር ኪስ ውስጥ ሰንብቶ፣ ዘይት ጠጥቶ ደረሰኝ። ግማሹን ወደ ብርሃን አንሥቼ ነው ያነበብኩት። ቁጣሽ ግን አንድ ቃል ሳይጠፋ ደርሷል፤ እሱን ዘይትም አያጠፋውም።

ዓይኔን አደራ ብለሻል። ጭንብሌን ሳላደርግ አልበይድም፣ እመኝኝ። ስለ ኑሯችን ለጠየቅሽው፣ ምግቡ ይበላል፣ አልጋው ይተኛበታል። ደሞዛችን ግን አሁን ካርድ ላይ ነው የሚገባው፤ የካምፑ መዝናኛም ከካርድ በቀር አይቀበልም። እናም ኪሴ ውስጥ ሳንቲም ካየሁ ቆየሁ። ከአጥሩ ውጭ የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ ጠዋት ጠዋት ከእነሱ ነበር የምገዛው። ካርዱ ከመጣ ወዲህ አንድ በአንድ ቀሩ። የመጨረሻዋ ሴትዮ «ዛሬም የለህም፣ ልጄ?» አለችኝና አንዱን እንቁላል በሽቦው መሃል አሾልካ ሰጠችኝ። በላሁት። በማግስቱ እሷም አልመጣችም። ይህን የምነግርሽ ልወቅስሽ አይደለም፤ ሐሳቡ የኔ እንደነበር አልረሳሁም። ቅሬታ ይዞ የመጣ የለም ስትዪኝ ግን እነዚያ ሴቶች ትዝ አሉኝ። እነሱም ቅሬታ ይዘው የትም አልሄዱም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከእማዬ ደብዳቤ ደርሶኛል። ቃሉ የሷ ነው፤ ስድቡም ምርቃቱም እንደ ወትሮው ነው። ጽሕፈቱ ግን የጎረቤታችን የልብስ አጣቢዋ ነው። እማዬ ትኩሳት ይዟት እንኳ በገዛ እጇ የምትጽፍ ሴት ናት። መርፌ ነካ ያደረገው ጣት ከሆነ ለምን በሰው እጅ ታስጽፋለች? የትኛው ጣት ነው? ምን ያህል ነው የነካት? እታለም፣ አንቺ ስትዋሺ «አትጨነቅ» ትያለሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ እንዲሁ ነሽ። አሁን ግን ተጨንቄያለሁና እውነቱን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 27

ወንድምዓለም፣

እሺ።

የቀኝ እጇ ጠቋሚ ጣት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሥራ የሚሰጣትን የሸሚዝ ሰፊ የቁልፍ ቀዳዳዎች ስትሠራ የስፌት መኪናዋ መርፌ ጣቷን በስቶ፣ ጥፍሯን ይዞ ወጣ። ለማንም ሳትናገር ጨርቅ ጠቀለለችበትና ሥራዋን ቀጠለች። አመረቀዘ። እኔ የሰማሁት እጇ እስከ ክንዷ ካበጠ በኋላ ልብስ አጣቢዋ እየሮጠች መጥታ ስትነግረኝ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ሞከረ፤ አልሆነም። የጣቷን ጫፍ ቆረጡት። እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ነው፤ ሌላው ደህና ነው። ጻፍኩት። በደብዳቤ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ምን እንደሚመስል አስቤ፣ ልጽፍልህ እያልኩ እየተውኩ፣ እዚህ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልህ ተኝታ ነበር፤ ከሆስፒታል ወንበር ላይ ሆኜ ነው «ቀላል ነው» ያልኩህ። ይቅር በለኝ።

አሁን ቤቷ ገብታለች። እኔ ጋ ነይ ብላት እሺ አላለችም። ሸሚዝ ሰፊው እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቦታዋን ሊጠብቅላት ቃል ገብቷል፤ ከዚያ ካለፈ ሥራውን ለሌላ ሴት ይሰጠዋል። ያ ሥራ ከእጇ ከወጣ እማዬ በኔ ወይም ባንተ እጅ ልታድር ነው። እንደዚያ ከሆነ ምን እንደምትሆን አንተም እኔም እናውቃለን።

መርፌውን እንዴት አላየችውም ብለህ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። አላየችውም። መነጽሯ ከግንቦት ጀምሮ ተሰብሯል፤ አንዱ ሌንስ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ክንዱን በክር አስራዋለች። እኔ መነጽር ሠሪዋ ልጇ ይህን ያወቅሁት ሆስፒታል ውስጥ ትራሷ ሥር ሳገኘው ነው። ቤቷ ስሄድ እያወለቀች ትደብቀው ኖሯል።

ድንቢጥ ደግሞ አሁን በቅርቡ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሰኔ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ገብተው ሌንስ ማስለወጥ እንደሚፈልጉ ነግረዋት፣ በጥሬ ገንዘብ ነው የምከፍለው ሲሏት መልሳቸዋለች። ሆስፒታል እማዬን ስታያት እሳቸው ናቸው እንዴ ብላ ደነገጠች። እማዬ ያን ጊዜ ማንነቷን አልተናገረችም፤ ታውቃታለህ። የዚያን ቀን እኔ አልነበርኩም። ብኖር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ያ ያንገበግበኛል።

እህትህ

ኅዳር 8

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አንብቤ ሥራ ገባሁ፤ ፎርማኑ ብየዳዬን አይቶ «ዛሬ እጅህ ምን ሆነ?» ብሎ አስወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሷን ጣት ነው የማስበው። በዚያ ጣት ስንት ጊዜ ግንባሬን እንደጠነቆለችኝ ሳስበው ሳቄም እንባዬም ይመጣል።

አንቺን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ልናገር። እኔ አውቅ ነበር። ጣቷን አይደለም፤ መነጽሩን። ሐምሌ ላይ ለዕረፍት ስመጣ በክር የታሰረውን መነጽር አየሁት፤ ከኔ ለመደበቅ አልደረሰችም። ለምን እታለም ጋ አትወስጂውም ስላት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ማስታወቂያሽን ካነበበች በኋላ ባንክ ሄዳለች፣ አካውንት ከፍታ በስልክ ልትከፍልሽ። ሰውም ሳታማክር፣ የልብስ አጣቢዋን ጫማ ተውሳ። የአሻራው ማሽን ጣቷን አላነብ አላት። ዕድሜ ልኳን ጨርቅ ሲፍቀው የኖረ ጣት ነው፤ ልስልስ ብሎ አልቋል። ሌላ ቀን ይምጡ አሏት። ሌላ ቀን ሄደች። አሁንም ሌላ ቀን አሏት። በመጨረሻ «ይኸው እኔ ቆሜ እያያችሁኝ የለሁም ትሉኛላችሁ» ብላቸው ወጣች። ከዚያ ነው ገንዘቧን ይዛ ወደ አንቺ የመጣችው። ልጄ ናትና ታደርገዋለች ብላ አይደለም። መጠየቅ ነውር የለውም ብላ ነው።

ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስማለችኝ፤ እኔም ማልኩላት። ያደረግሁት ነገር ቢኖር በደብዳቤ «መነጽሯን ለምን አልለወጥሽላትም?» ብዬ ጫፉን መወርወር ነው። ፈሪ ነበርኩ። መሐላዬን አፍርሼ ሐምሌ ላይ አንድ ቃል ብነግርሽ ጣቷ ዛሬ ቦታው ላይ ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ሰንብቻለሁ።

አሁን ያንቺ። የዚያን ቀን አልነበርኩም ብለሻል። እማዬ የነገረችኝን እንደ ነገረችኝ ልጻፍልሽ። «ለልጅቷ መናገር ስጀምር ከመጋረጃው ኋላ የሚጮኸው ማሽን ቀጥ አለ። ይቅርታ እናቴ፣ አንይዝም አለችኝ። እሺ ብዬ ዞርኩ። በሩን ስከፍት ማሽኑ ተነሣ።» ይህን ስትነግረኝ የሸሚዝ ቁልፍ እየለቀመች ነበር፤ ቀናም አላለች። «ሥራ ላይ ናት፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው መጥራት ደግ አይደለም» ብላ ዘጋችው።

ድንቢጥ ባንኮኒው ላይ ነበረች። የሌንስ መሞረጃ ማሽኑን ከአንቺ በቀር ማን ይነካዋል፣ እታለም?

ወንድምሽ

ኅዳር 16

ወንድምዓለም፣

እኔ ነበርኩ።

ከዚህ በኋላ ያለው አንተ ልትገምተው ከምትችለው የከፋ ነው፤ ግን ከጀመርኩ ልጨርሰው።

ድምጿን ሰማሁ። ማሽኑን ያቆምኩት ለመውጣት ነበር፤ እጄ መጋረጃው ላይ ደርሶ ነበር። በመጋረጃው ክፍተት አየሁዋት። ቀሚሷ ላይ ክር ተለጣጥፎ፣ መሀረቧን በእጇ ጨብጣ ቆማለች። አጠገቧ ሁለት ሴቶች ከውጭ የመጡትን ውድ ፍሬሞች እየለኩ ነበር፤ አንዷ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ሚስት ናት። ብወጣ የሚሆነው ታየኝ። መሀረቧን ፈትታ ያንን የተጨማደደ ገንዘብ ባንኮኒው ላይ ስትዘረጋው፣ በነፃ ውሰጂው ስላት ጮክ ብላ ስትቆጣኝ፣ ሴቶቹ ዞረው ሲያዩን። እናም ቆምኩ። ድንቢጥ «ይቅርታ እናቴ፣ አንይዝም» ስትላት፣ አምላኬ ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።

ሰማህ? እፎይ አልኩ። ማስታወቂያው ሥራውን ሠራልኝ። እኔ መመለስ ሳያስፈልገኝ መለሰልኝ። ሌባ ሊከላከልልን የሰቀልነው ነገር እናቴን ተከላከለልኝ። ደግሞም የመጀመሪያው ቀን አልነበረም፤ እማዬን አልልህም፣ ሌሎቹን ነው። ተሸካሚዎቹ፣ አትክልት ሻጮቹ፣ ሳንቲማቸውን በፌስታል ይዘው ይመጡ የነበሩት ሁሉ ሲቀሩ ሱቁ ንጹሕ መሰለኝ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ተለወጡ፤ እኔም የተለወጥኩ መሰለኝ። ለደህንነት ነው፣ ለድንቢጥ ነው ስልህ ውሸት አልነበረም። ግን እውነቱ ሁሉ እሱ ብቻ አልነበረም።

ማታ ሌንሱን ይዤላት እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ነገ አልኩ። ከዚያም ከነገ ወዲያ። ስሄድ ደግሞ መነጽሯን አውልቃ ስለምትጠብቀኝ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ያልጠየቅሁትም ስላልፈለግሁ ነው።

አሁን የምትጠይቀኝን ልመልስልህ። አዎ፣ መነጽር ሠራሁላት። ሆስፒታል ከነበረው የድሮ የዓይን ልኬቷ ተነሥቼ፣ ቀላል ፍሬም መርጬ ቤቷ ወሰድኩላት። በግራ እጇ ተቀበለችኝና አገላብጣ አየችው። «ስንት ነው?» አለች። «ኧረ እማዬ፣ ምንም አይደለም» አልኳት። «እንግዲያው ለሚከፍልሽ ሽጪው» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ በፋሻ የታሰረውን እጇን ከፍ አድርጋ እያየች «ባንኩ በሙሉ ጣቴ አላወቀኝም፤ አሁን ደግሞ ጎድሎ እንዴት ያውቀኛል?» አለችና ከልቧ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከመጋረጃው ኋላ እንደነበርኩ ማወቋን ያን ጊዜ ገና አንተም አልነገርከኝም ነበር፤ ግን ዓይኗን ሳየው ገባኝ። እንደ ልጇ አላየችኝም። እንደ ባለ ሱቅ ነው ያየችኝ፤ በጨዋነት።

ድንቢጥን አነጋግሬያታለሁ። «እትዬ፣ እናትዎ መሆናቸውን አውቄ ከሆነ እጄን ይቁረጠኝ» ትላለች። «የሌላ ሰው እናት ቢሆኑስ ኖሮ?» አልኳት። የግንባሯን ጠባሳ ዳሰሰችና «መሳቢያው ሲከፈት የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ገንዘብ ይመለሳል ካሉኝ እኔ እሄዳለሁ» አለችኝ። ምን ልበላት? የሷም ግንባር ግንባር ነው። አንዷን ልጠብቅ ብዬ ሌላዋን ቆረጥኩ። አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ብመለስ ይህቺኛዋን ልጎዳ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ እየመጣ ነው።

ከኔ ጋር መነጋገር ካልፈለግህ ይገባኛል።

እህትህ

ኅዳር 25

እታለም፣

ካንቺ ጋር ካልተነጋገርኩ ከማን ጋር ልነጋገር? እዚህ ያለው ፎርማኑና ነፋሱ ነው።

ተናድጄብሻለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ሰድቤሻለሁ፤ አንዳንዱ ስድብ የእማዬ ነው፣ አንቺም የምታውቂው። በሦስተኛው ቀን ግን የዚያች የእንቁላል ሴትዮ ነገር መጣብኝ። እኔም እኮ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ዝም ብዬ ነው ያየሁዋት። ለአለቆቹ «እነዚህ ሴቶችስ?» ብዬ አልጠየቅሁም። መዝናኛው ጽዱ ነው፣ ሰልፍ የለውም፤ ተመቸኝ።

አንድ ነገር ላደርግ ነበር። የካምፑ ቢሮ ለባንክ ጉዳይ ብቻ የሚከፈት ኢንተርኔት አለው፤ ከዚያ ሆኜ የመነጽሯን ዋጋ ወደ ሱቅሽ ልልክና «ልጅሽ ከፍሎልሻል» እንድትያት ልነግርሽ። ቁጥሩን ሁሉ ሞልቼ ተውኩት። እሷ የፈለገችው የሚከፍልላት ሰው አይደለም።

ይቅርታ ጠይቂያት አልልሽም፤ ጊዜሽን ታባክኛለሽ፣ እሷም ታሾፍብሻለች። በነፃም አትስጫት። የእማዬን ገንዘብ ተቀበያት፤ እንደ ማንኛውም ሰው። ለእማዬ ብቻ ደግሞ አይሆንም፤ ለሷ ብቻ ካደረግሽው ያም ነፃ ነው፣ ታውቅብሻለች። የድንቢጥን ነገር እንዴት እንደምታደርጊው አላውቅም። እሱን ከዚህ ሆኜ ልምከርሽ ብል አምናም የመከርኩሽ እኔ ነኝ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 7

ወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ፎርማኑስ ታረቀህ? ይህን የምጽፍልህ ሱቅ ውስጥ ሆኜ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ማስታወቂያውን አነሣሁት። ከድንቢጥ ጋር ብዙ ተነጋግረን እንዲህ ተስማማን፦ ጥሬ ገንዘብ የምቀበለው እኔ ነኝ፣ እሷ አትነካውም። መሳቢያውን አውጥተን ጣልነው፤ ገንዘቡ በጓዳ በኩል ከብረት ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ በምሳ ሰዓት ባንክ ይሄዳል። በሩ ላይ ደወል አስገጠምኩ። እሷ ከውስጥ ካልከፈተች ማንም አይገባም። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ግን አምና ይህን አድርጌ ቢሆን ማስታወቂያው ባላስፈለገ ነበር። ያኔ ግን ወረቀት መለጠፍ ረከሰልኝ። ድንቢጥ ትቆይ አትቆይ ገና ቃል አልገባችልኝም። «እስቲ እናያለን፣ እትዬ» ነው የምትለው።

ለእማዬ ነገርኳት። «ለኔ ብለሽ እንዳይሆን» አለችኝ። «ለሁሉም ነው» አልኳት። «እስቲ አስብበታለሁ» ብላ ወደ ቁልፎቿ ዞረች።

ዛሬ መጣች። ደወሉን ደውላ፣ ጫማዋን በሩ ላይ ጠርጋ ገባች። ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ነይ ብላት በዓይኗ ከለከለችኝና ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ለካሁት። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ፊደላት ስታነብ ድምጿ እንደ ተማሪ ነው። የድሮ የዓይን ልኬቷ አሁን አይበቃትም፤ ያ ቤቷ ይዤላት የሄድኩት መነጽር ብትቀበለኝም ኖሮ አያሳያትም ነበር። አዲሱን ሌንስ ሞርጄ እስካወጣ ጠበቀችኝ። አደረገችውና ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ክሩን አሁን የምትይዘው በመሃል ጣቷና በአውራ ጣቷ ነው፤ ጠቋሚው በአየር ላይ ይቀራል፣ የሚፈልገውን የረሳ ይመስላል። በመጀመሪያው ሙከራ አስገባችው። ሸሚዝ ሰፊው ሥራዋን እንዳልወሰደባት ያኔ ነገረችኝ፤ ግማሹን መልሶላታል፤ ግማሹ ለሌላዋ ሄዷል። «እጄም ግማሽ ነው፣ ተመጣጠንን» አለች። እኔ ሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ ፍለጋ ብዬ ዞርኩ።

«ስንት ነው?» አለች።

ዋጋውን ነገርኳት፤ ሙሉውን፣ ምንም ሳልቀንስ። ሳልቀንስላት ፊቷ ሲፈታ አየሁ። መሀረቧን ፈታች። ውስጡ ሳንቲምና የተጨማደደ ኖት አልነበረም፤ ሸሚዝ ሰፊው የከፈላት አንድ ትልቅ ድፍን ኖት ነው። ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ወደኔ ገፋችው። ተቀበልኳት።

ዝርዝር አልነበረኝም።

ማስታወቂያውን ካነሣሁ ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የመጣ አንድ ሰው የለም፣ ቀጮዬ። አንድም። በሩን ከፍቼ ይመጣሉ ብዬ ነበር። ከኔ ሱቅ መንገድ ቀይረው መሄድ ከለመዱ ዓመት አልፏቸዋል፤ ወረቀቱ መነሣቱን ማን ይነግራቸዋል? «እማዬ፣ ቀሪውን ነገ ላምጣልሽ» አልኳት። «ሱቅ ነው የመጣሁት፤ እጠብቃለሁ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

ኖቱን ይዤ ወጣሁ፤ ባንኩ ተዘግቷል። ካፌው ገባሁ፤ ጽሑፉ በሩ ላይ ነው፣ አንቀበልም ይላል። መክፈሌ አይደለም፣ መዘርዘር ብቻ ነው አልኩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ «ይቅርታ፣ አንይዝም» አለችኝ። መጻሕፍት ቤቱም እንዲሁ። መድኃኒት ቤቱ፣ የሕፃናት ልብስ ቤቱ፣ የስልክ ጥገናው፣ ያም አንይዝም፣ ያም አንይዝም። በየበሩ የተለጠፈውን ከኔ አይተው ይሁን ከኔ ቀድመው፣ አሁን አላስታውስም። ሁሉም ትሁት ናቸው። ድንቢጥን ያስተማርኳትም እንደዚሁ በፈገግታ እንድትመልስ ነበር። የእናቴን ገንዘብ በእጄ ይዤ ከዚያ ሁሉ በር ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ ይህ ገንዘብ ምን ጎደለው እያልኩ አየው ነበር። ምንም አልጎደለውም።

ሳልዘረዝረው ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ድንቢጥ ከውስጥ ከፈተችልኝ። እማዬ አዲሱን መነጽር አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ፣ በሩን እያየች ተቀምጣለች። ሰዎች ገብተው በስልካቸው ከፍለው ወጥተዋል።

«አገኘሽ?» አለችኝ።

«አላገኘሁም፣ እማዬ። ሁሉም መለሱኝ።»

ትክ ብላ አየችኝ። እንደ ባለ ሱቅ አልነበረም። እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆሜ፣ ሰው እያየን፣ አለቀስኩ። ሰኔ ላይ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ አልኳት። «አውቃለሁ» አለች። ወንበሩ ላይ ጠጋ አለችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ዝርዝር ይዞ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ አብረን ስንጠብቅ መሸ።

እህትህ